በመካከለኛ የክሊኒካል ውጤት ለአሜሪካ ሬዚደንሲ ማመልከት፦ አመልካቾች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀው በአሜሪካ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ለመከታተል የሚያስቡ ወጣት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በክሊኒካል ዓመታት ያስመዘገቡት ውጤት መካከለኛ ከሆነ ማመልከቱ ትርጉም ይኖረዋልን? ጥያቄው በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። አጭሩ መልስ ይኖረዋል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ወጪው ከባድ፣ ሂደቱም ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድ በመሆኑ፣ ጥረቱ ለውጥ በሚያመጣበት ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያስፈልጋል።

የአታችመንት ውጤት በከፊል በፈተና፣ በከፊል ደግሞ በዋርድ አብረው የሠሩ ሐኪሞች በሚሰጡት ግምገማ የሚወሰን ነው። በአሜሪካ እንኳ ከፍተኛውን ደረጃ የሚያገኙ ተማሪዎች ድርሻ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እጅግ ይለያያል፤ አንዱ ለጥቂቶች ብቻ ሲሰጥ ሌላው ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ይሰጣል። የሥልጠና ፕሮግራም ኃላፊዎች ይህን ያውቃሉ። ከውጭ ሀገር የመጣን ትራንስክሪፕት ከሌላው ጋር በቀጥታ ማወዳደር ደግሞ ይበልጥ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ መካከለኛ ውጤት ብቻውን ማመልከቻን ውድቅ አያደርግም። የወደቀ ወይም የተደገመ አታችመንት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ ሳይሸሸግ፣ በአጭሩና ሌሎችን ሳይወቅስ መብራራት አለበት።

የውጤት ንጽጽር ዛሬ በዋናነት የሚደረገው ስቴፕ 2 ሲኬ በተባለው የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ነው። ስቴፕ 1 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ጀምሮ "አልፏል" ወይም "አላለፈም" ብቻ ተብሎ ስለሚገለጽ፣ በቁጥር የሚታየው የስቴፕ 2 ሲኬ ውጤት ክብደት ጨምሯል። ይህ መካከለኛ የክሊኒካል ውጤት ላለው አመልካች ትልቁ ዕድል ነው፤ የፈተናው ይዘት ያው የዋርድ ዕውቀት ነውና። ዕድሉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው። ፈተናውን ያለፈ ሰው ውጤቱን ለማሻሻል ዳግመኛ መቀመጥ አይፈቀድለትም፤ የወደቀም ቢሆን በአንዱ ስቴፕ ላይ ከ4 ጊዜ በላይ መፈተን አይችልም። በመሆኑም በመለማመጃ ፈተናዎች ተደጋጋሚ ጥሩ ውጤት ሳይታይ ቀን መቁረጥ አይመከርም። ውጤት ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ስለሚወስድ፣ ማመልከቻዎች ለፕሮግራሞች ከሚከፈቱበት ከሴፕቴምበር መጨረሻ አስቀድሞ በእጅ እንዲገባ ሆኖ መታቀድ ይኖርበታል።

ከፈተናው ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእርሱ እኩል፣ የሚመዝነው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ኢራስ በተባለው የኤሌክትሮኒክ ማመልከቻ ሥርዓት ለአንድ ፕሮግራም እስከ 4 ደብዳቤ ማያያዝ ይቻላል። በርካታ አመልካቾች ደብዳቤ የሚጠይቁት ስመ ጥር ከሆነ፣ ነገር ግን በቅርብ ከማያውቃቸው ፕሮፌሰር ነው፤ ይህ አይጠቅምም። "ትጉህና ሰው አክባሪ ነው" ከሚል አጠቃላይ ምስጋና ይልቅ፣ ተማሪው ለአንድ አስቸጋሪ ሕመምተኛ ያቀረበውን የምርመራ ሐሳብ፣ በሌሊት ተረኛነት ያሳየውን ኃላፊነት፣ የተሰጠውን እርማት በቀጣዩ ሳምንት እንዴት እንዳስተካከለ የሚተርክ ደብዳቤ የአታችመንት ውጤትን ሊያስረሳ ይችላል። ደብዳቤ ጸሐፊውን ለማገዝ አመልካቹ የሥራ ታሪኩን፣ የሚያመለክትበትን የስፔሻሊቲ ዘርፍና አብረው ያከሟቸውን ሕመምተኞች የሚያስታውስ አጭር ማስታወሻ (የሕመምተኛ ስም ሳይጠቀስ) ቢሰጥ ተገቢ ነው። ደብዳቤውን የማየት መብትን መተውም የተለመደ ነው፤ ያልተወ አመልካች በጥርጣሬ ይታያል። ከውጭ ሀገር የሚያመለክቱ ሐኪሞች ቢያንስ አንዱ ወይም ሁለቱ ደብዳቤ በአሜሪካ ሆስፒታል በተግባር ካያቸው ሐኪም ቢሆን ይጠቅማቸዋል።

የዲን ጽሕፈት ቤት የሚያዘጋጀው የአፈጻጸም ደብዳቤም ችላ የሚባል አይደለም። በውስጡ ከአታችመንት ግምገማዎች የተወሰዱ አስተያየቶች ይካተታሉ፤ ውጤቱ መካከለኛ ሆኖ አስተያየቱ መልካም የሆነ ተማሪ የሚጠቀመውም በዚህ ነው። በመሆኑም ከጥሩ አታችመንት በኋላ የጽሑፍ አስተያየት መጠየቅና ደብዳቤው ከመላኩ በፊት የቀን፣ የስምና የአታችመንት ስሕተት ካለ ማስተካከል ይገባል።

በኢትዮጵያ በጠቅላላ ሐኪምነት ያገለገሉ አመልካቾች ይህን አገልግሎታቸውን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ጽፈው ያልፉታል። ይህ የሚያስቆጭ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍልን፣ የማዋለጃ ክፍልንና የተኝቶ ሕክምናን በአንድ ጊዜ የመራ ሐኪም ያለው ልምድ፣ ብዙ የአሜሪካ ተማሪዎች በዕድሜያቸው ያላገኙት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 የማመልከቻ ዘመን ጀምሮ ኢራስ የሚቀበለው 10 የሥራና የአገልግሎት ልምዶችን ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህ 3ቱን "እጅግ ትርጉም ያላቸው" ብሎ ማብራራት ይቻላል። በዚያ ቦታ ላይ ስንት አልጋ ያለው ሆስፒታል እንደነበር፣ ሐኪሙ በኃላፊነት ምን እንደሠራና ምን እንደተለወጠ በግልጽ መጻፍ ይመረጣል። በሌላ በኩል፣ ከተመረቁ ብዙ ዓመታት ያለፏቸውን አመልካቾች የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ የእያንዳንዱን መስፈርት አስቀድሞ ማንበብ አላስፈላጊ ወጪን ይቀንሳል።

ጥናትና ምርምርን በተመለከተ፣ እውነተኛ ድርሻ ያለበት አንድ ሥራ በስም ብቻ ከተገባባቸው አምስት ሥራዎች ይበልጣል። ቃለ መጠይቅ አድራጊዎች የጥናቱን ዘዴና ግኝት ይጠይቃሉ፤ መመለስ ያልቻለ አመልካች ከዝቅተኛ ውጤት የከፋ ጉዳት ይደርስበታል። ገንዘብ ተቀብለው የደራሲነት ስም ወይም የድጋፍ ደብዳቤ "እናዘጋጃለን" ከሚሉ ደላሎች መጠንቀቅ ይገባል። የውጭ ሀገር የሕክምና ምሩቃንን የሚያረጋግጠው ኢሲኤፍኤምጂ ዲፕሎማንና ትራንስክሪፕትን ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ያጣራል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው ጥፋቱ በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ ለፕሮግራሞች ሊገለጽ ይችላል።

የዘርፍ ምርጫም የማመልከቻው ጥንካሬ አካል ነው። የቆዳ ሕክምና፣ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምናና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ጠባብ በሮች ናቸው። የቤተሰብ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሕክምና ብዙ ቦታ አላቸው። ወደ ጠባቡ በር የሚያመራ ሰው ሁለተኛ ዘርፍ በትይዩ ቢያዘጋጅ ይመከራል። አብዛኞቹ ዘርፎች አመልካቹ የተለየ ፍላጎት እንዳለው የሚገልጽበት የተወሰነ ቁጥር ያለው "ሲግናል" ይሰጣሉ። ይህን ዕድል በሕልም ፕሮግራሞች ላይ ብቻ ማባከን የተለመደ ስሕተት ነው። የማኅፀንና ጽንስ ሕክምና ከኢራስ ወጥቶ የራሱን የማመልከቻ ሥርዓት መጠቀም ስለ ጀመረ፣ በዚያ ዘርፍ የሚያመለክቱ ይህን ልብ ሊሉ ይገባል።

ከቃለ መጠይቅ በኋላ አመልካቹ ፕሮግራሞችን በቅደም ተከተል ይመዘግባል። የምደባው ስሌት የተቀረጸው የአመልካቹን ፍላጎት እንዲያስቀድም ነው፤ "ይቀበሉኛል" ብሎ ገምቶ ሳይሆን በእውነት በሚፈልገው ቅደም ተከተል መደርደር ይጠቅመዋል። ውጤቱ በማርች ሦስተኛ ሳምንት ይታወቃል። በዚያ ሳምንት ሰኞ ቦታ እንዳላገኘ የተነገረው አመልካች ባልተሞሉ ቦታዎች እስከ 45 ፕሮግራሞች ድረስ ማመልከት ይችላል። ይህ ዙር በቀናት ውስጥ ስለሚያልቅ ሰነዶችን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ቦታ ያገኙ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚጓዙት በጄ-1 ቪዛ ነው። ለዚህ ቪዛ ድጋፍ ሲጠየቅ፣ ሀገሪቱ በተጠቀሰው ዘርፍ የሠለጠነ ሐኪም እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ ደብዳቤ ከአመልካቹ ሀገር ጤና ሚኒስቴር መቅረብ አለበት። የደብዳቤው ቃል በኢሲኤፍኤምጂ የተወሰነ በመሆኑ፣ ከተወሰነው ውጭ የተጻፈ ደብዳቤ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ሥልጠናው በአብዛኛው በጁላይ መጀመሪያ ስለሚጀምር፣ ከምደባው ውጤት በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሠልጣኙ ሲያጠናቅቅ ወደ ሀገሩ ተመልሶ 2 ዓመት የመቆየት ግዴታ አለበት። ግዴታው የሚነሣበት አንዱ መንገድ የሐኪም እጥረት ባለበት የአሜሪካ አካባቢ 3 ዓመት ማገልገል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በዚህ መርሐ ግብር በዓመት 30 ሐኪሞችን ብቻ ማስተናገድ ይችላል።