ዝም ያለ ቀንድ አውጣ ሁሉ ተኝቷል?

አምና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ክፍላችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ “ይህን ያውቃሉ?” የምትለውን ትንሽ ዓምድ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ዓምዷን መሙላት ከባድ ሥራ አልነበረም። ከድሮ መጽሔትና ከኢንተርኔት አምስት ስድስት አስገራሚ ነገር ለቃቅሞ መለጠፍ ነው። ከለቃቀምኳቸው አንዷ “ቀንድ አውጣ ለሦስት ዓመት ሊተኛ ይችላል” የምትል ነበረች። ማን አለ? የትኛው ዓይነት ቀንድ አውጣ? በምን ሁኔታ? ብዬ አልጠየቅኩም። ያነበቧትም ስቀው አለፉ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ታዲያ ይቺ አንድ መስመር ለንደን ድረስ ሄዳ ጉዳት ታደርሳለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ለንደን የምትኖር አክስቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ልጁ አንድ ግዙፍ ቀንድ አውጣ ያሳድግ ነበር። ስሙንም “ቱርቦ” ብሎታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የካርቱን ፊልም ላይ ባለው ሯጭ ቀንድ አውጣ መሰየሙ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ በስልክ ስናወራ ልጁ “ቱርቦ አይንቀሳቀስም፣ አፉ ላይም እንደ ወረቀት ያለ ነጭ ነገር አለ” አለኝ። እኔም የአዋቂ ድምፅ አውጥቼ “አታስብ፣ ቀንድ አውጣ ሦስት ዓመት ይተኛል” አልኩት። ልጁ አመነኝ። ሳይነካው፣ ሳይቀሰቅሰው ጠበቀ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሳጥኑ መሽተት ጀመረ። አክስቴ ደውላ “አንቺ አይደለሽም እንዴ ሦስት ዓመት ይተኛል ያልሽው?” ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ያኔ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት፤ አነበብኩ፣ ጠየቅኩ፣ አመሳከርኩ። ለመሆኑ ለአንድ ለማዳ ቀንድ አውጣ ጤናማ የሚባለው እንቅስቃሴ የትኛው ነው? ዝምታውስ መቼ ያሳስባል? የደረስኩበትን እነሆ።

እንስሳው ምንድን ነው?

እኛ አገር ቀንድ አውጣ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሳይንስ ትምህርታችን ነው፤ ያቺ የቢልሃርዚያን ተሕዋስ የምትሸከመው ትንሽ የወንዝና የሐይቅ ቀንድ አውጣ። ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ግን ሌላ ነው። ግዙፉ የአፍሪካ የየብስ ቀንድ አውጣ ይባላል። በሳይንሳዊ ስሙ ሊሳካቲና ፉሊካ የሚባለው ዝርያ መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ ሲሆን ዛጎሉ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከምዕራብ አፍሪካ ዘመዶቹ መካከል ከዚህም የሚበልጥ አለ። በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ የሰፈረው ከሴራሊዮን የተገኘ ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲለካ፣ ሰውነቱ ተዘርግቶ 39.3 ሴንቲ ሜትር ይረዝም ነበር። ክብደቱም 900 ግራም ነበር። ያ ቀንድ አውጣ የኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሰው ቤት ውስጥ ነው።

እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለውን እንስሳ ቤትም ትምህርት ቤትም ማሳደግ የተለመደ ነው። አይጮህም፣ ብዙ ቦታ አይፈጅም፣ ኪያርና ሰላጣ ከሰጡት ይበቃዋል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ውሻ ሲያመው ያላዝናል፣ ድመት ስትራብ ትጮሃለች። ቀንድ አውጣ ግን ሁኔታውን የሚናገርበት ዋናው ቋንቋ መንቀሳቀስና አለመንቀሳቀስ ብቻ ነው። ይህን ቋንቋ በትክክል ያላነበበ ሰው እንደኔ ይሳሳታል።

መቼም ቀርፋፋ ነው ተብሎ የሚናቅ እንስሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ልጅ ከሃዋይ ሦስት ቀንድ አውጣዎች ይዞ ወደ ማያሚ ገባ፤ አያቱም ግቢ ውስጥ ለቀቋቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከ18,000 በላይ ተገኙ። እነርሱን ለማጥፋት እስከ 1975 ድረስ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ፈጀ። ስለዚህም በአሜሪካ ያለ ልዩ ፈቃድ ማሳደግ ክልክል ነው። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ይህን ብታውቁት አይከፋም።

ጤነኛው ውሎና አዳር

ስሙን በአማርኛ ልብ ብላችሁታል? “ቀንድ፣ አውጣ!” ትእዛዝ ይመስላል። በእርግጥም የነቃ ቀንድ አውጣ የመጀመሪያ ምልክቱ ቀንዶቹ ናቸው። አራት ናቸው። ሁለቱ ረዣዥሞች ጫፋቸው ላይ ዓይን አላቸው፤ ከሥር ያሉት ሁለት አጫጭሮች ደግሞ ያሸቱበታል፣ ይዳስሱበታል። ጤነኛ ቀንድ አውጣ ሲንቀሳቀስ አራቱም ወጥተው ይታያሉ፤ ሲነኳቸው ወዲያው ይሰበሰባሉ።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። ግዙፉ ቀንድ አውጣ የሌሊት እንስሳ ነው። ሰውነቱ እርጥብ ስለሆነ ፀሐይና ደረቅ አየር ያደርቁታል፤ ስለዚህ ቀን አፈር ውስጥ ተቀብሮ ወይም ጥግ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ሲመሽና ሲረጥብ ይወጣል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አይቶት “አይንቀሳቀስም” ቢል፣ ያየው የቀንድ አውጣውን እኩለ ሌሊት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ሌሊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይችል ሰው ጠዋት ዱካውን ማየት ይችላል። መስታወቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የዝልግልግ መስመር አለ? ኪያሩ ተፈግፍጓል? አዲስ ኩስ አለ? አፈሩ ተቆፍሯል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ እንስሳው አዳሩን ሥራ ላይ ነበር።

ልዩነትም አለ። ወደ አዲስ ቤት የተወሰደ ቀንድ አውጣ ለጥቂት ቀናት ሊሸሸግ ይችላል። እንቁላል የሚጥልም አፈር ውስጥ ገብቶ ይቆያል። እያንዳንዱ ቀንድ አውጣ የወንዱም የሴቷም አካል ስላለው “ይሄ ወንድ ነው፣ አይወልድም” ብሎ ነገር የለም። ያረጀውም እንደ ወጣቱ አይዞርም። ስለዚህ መመዘን ያለብን ከሌላ ቀንድ አውጣ ጋር ሳይሆን ከራሱ ካለፈው ሳምንት ጋር ነው።

ዝምታው ስንት ዓይነት ነው?

እኔ “ይተኛል” በሚል አንድ ቃል የጠቀለልኩት ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

አንደኛው ተራ እረፍት ነው። ቀንድ አውጣ በእርግጥ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኩሬ ቀንድ አውጣዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንደጻፉት፣ እንስሳቱ ከ13 እስከ 15 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ ሰባት ጊዜ ያህል ያንቀላፋሉ፤ ከዚያ ከ33 እስከ 41 ሰዓት ሳይተኙ ይቆያሉ። ይህ የኩሬው ዝርያ ነው፤ የየብሱ ላይ እንዳለ አይለጠፍም። ቢሆንም እንቅልፉ በሰዓት የሚቆጠር እንጂ በዓመት የሚቆጠር እንዳልሆነ ያሳያል። በተራ እረፍት ላይ ያለ ቀንድ አውጣ አፉ ክፍት ነው፤ ማታ ይነሳል።

ሁለተኛው ራሱን መዝጋት ነው። አካባቢው ሲደርቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ቀንድ አውጣው ዛጎሉ ውስጥ ይገባና አፉን በደረቀ ዝልግልግ ይደፍነዋል። ሽፋኑ ነጣ ያለ፣ ወረቀት የመሰለ ነው። የሰውነቱ ሥራ በጣም ይቀንሳል፤ የሚኖረው ባጠራቀመው ስንቅና ውኃ ነው። በተፈጥሮ አካባቢው በበጋ ወራት የሚያልፍበት ዘዴ ይህ ነው። ሰው ቤት ውስጥ ሲሆን ግን “ቤቴ ደርቋል፣ ወይም በርዶኛል” ማለቱ ነው። ሽፋኑ አቤቱታ ነው። ልጁ “እንደ ወረቀት ያለ ነጭ ነገር” ሲለኝ አቤቱታውን ቃል በቃል ነግሮኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ሕመም ወይም ሞት ነው። የታመመው ማታም አይወጣም፣ ቢነኩት ቶሎ አይሰበሰብም፣ አንዳንዴም ሰውነቱ ከዛጎሉ ውጭ ልል ብሎ ይንጠለጠላል። የሞተው ደግሞ ለመንካት ምላሽ አይሰጥም፤ ከሁሉ በላይ ይሸታል። ሽታ ሳይኖር “ሞቷል” ብሎ መጣል አደጋ አለው።

ወሬዋ ከየት መጣች?

የሦስት ዓመቷ ወሬ ፈጽሞ ከባዶ የተነሳች አይደለችም። የበረሃ ቀንድ አውጣዎች ራሳቸውን ዘግተው ዓመታት እንደሚቆዩ ይታወቃል። የታወቀው ምሳሌ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ነው። ከግብፅ የመጣ አንድ የበረሃ ቀንድ አውጣ ሞቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1846 ካርቶን ላይ በሙጫ ተለጠፈ። በ1850 አፉ ላይ አዲስ ሽፋን መኖሩ ታየና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተደረገ። ተንቀሳቀሰ። ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል ኖረ።

ልብ በሉ፤ ሙዚየሙ ሕያዉን ሞቷል አለ፣ እኔ ደግሞ የሚሞተውን ተኝቷል አልኩ። ስህተታችን አንድ ነው፤ ዝምታውን ብቻ አይተን ፈረድን። በተጨማሪ የእኔዋ ዜና ከበረሃ ቀንድ አውጣ ተነስታ እርጥበት ለለመደ ቀንድ አውጣ ተሠራች። ዝርያው ወደቀ፣ ሁኔታው ወደቀ፣ “ራሱን ዘጋ” የሚለው “ተኛ” ሆነ።

ታዲያ ምን ማየት ነበረብኝ?

አካባቢውን። ይህ ለእኛ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። “ለምን እዚህ?” ብለው ዙሪያውን መመልከታቸው ነው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያሳወቀን።

እኔም በዚያ ስልክ ሦስት ጥያቄ ብቻ ብጠይቅ ኖሮ በቂ ነበር። ሳጥኑ የት ነው የተቀመጠው? አፈሩ እርጥብ ነው? ሙቀቱ ስንት ነው? በኋላ አክስቴ እንደነገረችኝ ሳጥኑ የነበረው ከቤት ማሞቂያው አጠገብ ሲሆን አፈሩም እንደ አመድ ደርቆ ነበር።

ለዚህ እንስሳ የሚመከረው ሙቀት ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። አፈሩ እርጥብ መሆን አለበት፤ ጭቃ መሆን ግን የለበትም። ለዛጎሉም የእንቁላል ቅርፊትን የመሰለ የካልሲየም ምግብ ያስፈልገዋል። ራሱን ዘግቶ ከተገኘ ሽፋኑን በጥፍር መላጥ አያስፈልግም። መጀመሪያ አፈሩን ማርጠብ፣ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ውኃ መርጨት፤ አልወጣ ካለ ደግሞ ለብ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ እያዩት ለጥቂት ጊዜ ማስቀመጥ። ጥልቅ ውኃ ያሰጥመዋል። ሁኔታው ተስተካክሎም ካልተነሳ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ነው። የያዘ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ግዙፉ ቀንድ አውጣ ለሰው የሚተላለፍ ጥገኛ ትል ሊሸከም ይችላል።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሌላ ቀንድ አውጣ አለው። ሳጥኑ ከማሞቂያው ርቋል፣ ቴርሞሜትርም ተገዝቶለታል። ጠዋት ጠዋት ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ይጽፋል፤ ሙቀት፣ እርጥበት፣ የተበላ ኪያር። ባለፈው ሳምንት “ዛሬ አልወጣም” አለኝ። “ደብተርህ ምን ይላል?” አልኩት። አነበበልኝ። ሌሊቱን ኪያሩን በልቶት አድሯል።

በግድግዳ ጋዜጣችንም ላይ ለዚያች መስመር ዘግይቼም ቢሆን እርማት ለጥፌያለሁ። ያላያችሁት ካላችሁ እዚህ ልድገመው፦ “አንዳንድ የበረሃ ቀንድ አውጣዎች ድርቅ ሲሆን ራሳቸውን ዘግተው ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ እንቅልፍ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ግዙፍ ቀንድ አውጣ አፉን ከደፈነ አፈሩን ይመልከቱ።”