ወለደ፣ ወለደች፣ ወለድ

በዚህ ዓመት ጥንታዊ ግሪክኛ እየተማርኩ ነው። እስካሁን ካጠናኋቸው ግሦች ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች በጣም የሚቀርበን «ቲክቶ» ነው። ትርጉሙ «መውለድ» ነው። የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ለአባት አንድ፣ ለእናት ሌላ ቃል ስለሚሰጠው የክፍል ጓደኞቼ ይቸገራሉ። እኛ ግን አባትም ወለደ፣ እናትም ወለደች ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። በሆሜር ግጥሞችም ቲክቶ ለሁለቱም ያገለግላል። ወፍ እንቁላል ስትጥልና ምድር ስታፈራም ግሡ ይኸው ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። «ወለደች» ስንል እናት መሆኗ ከግሡ ይታወቃል፤ የግሪኩ ግሥ ግን ጾታ አይለይም። ታዲያ የግሡ ባለቤት ማን ነው? ጥያቄው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 አቴና ውስጥ መድረክ ላይ ወጥቷል። በኤስኪለስ ተውኔት «ኤውሜኒደስ» ኦሬስቴስ አባቱን የገደለች እናቱን ገድሎ ይከሰሳል። ጥብቅና የቆመለት አፖሎ፣ እናት ዘሩን ተቀብላ ታሳድጋለች እንጂ ወላጅ አይደለችም፣ «ቲክቶ» የአባት ሥራ ነው ብሎ ይከራከራል። ድምፁ እኩል ለእኩል ይሆንና ኦሬስቴስ ነፃ ይወጣል። ግሡ ከእናት ሲወሰድ ደሟም አብሮ ቀረ።

ከዘመናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ431፣ የኤፌሶን ጉባኤ «ቴዎቶኮስ» የሚለውን የማርያም መጠሪያ አጸና። ቃሉ የተሠራው ከዚሁ ግሥ ነው፤ ግእዙ «ወላዲተ አምላክ» ይለዋል። እዚህ ባለቤቷ እናት መሆኗ አያከራክርም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን «ቶኮስ» ነው። ከቲክቶ የወጣ ስም ሲሆን መውለድም፣ የተወለደ ልጅም፣ የብድር ወለድም ማለት ነው። አማርኛም «ወለድ»ን ያገኘው ከ«ወለደ» ነው። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ የስሙን ምክንያት ይናገራል፦ ልጅ ወላጁን ይመስላል፤ ወለድም ከገንዘብ የተወለደ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከሀብት ማግኛ መንገዶች ሁሉ ከተፈጥሮ በጣም የራቀው እሱ ነው ይላል።

የትምህርት ብድር ያለብን ተማሪዎች ይህን ለመረዳት ግሪክኛ አያስፈልገንም። ብድሩ በየወሩ ይወልዳል፤ የሚያሳድገው ግን ተበዳሪው ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ዋናውን ብቻ ሳይሆን የሚወልደውንም ቁጠሩ።