ተርቧን ፈትቶ መግጠም

የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፤ ስሞቹን ከአባቶቻችን አፍ ስለሰማናቸው ከየት መጡ ብለን አንጠይቅም። እኔ የጠየቅኩት አንዲት ያረጀች ቬስፓ ገዝቼ፣ በጣሊያንኛ የታተመ የመለዋወጫ ዝርዝሯን ስገልጥ ነው። ቋንቋውን አልችልም። ገጾቹን ግን እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ እየጠቆምኩ ስሄድ ብዙውን ዕቃ በስሙ አወቅኩት። ኩሺኔቶ የእኛው ኩሽኔታ ነው፣ ካሜራ ዳሪያ የእኛው ከመነዳሪ። ቃላቱ ከወረራው ዘመን፣ ከዚያም በኋላ እዚሁ ጋራዥ ከፍተው ከኖሩ ጣሊያኖች የቀሩ ናቸው። በእናቴ ጓሮ፣ በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑና ስሙ እንደገና ተገናኙ።

ቬስፓን የወለደው የአውሮፕላን ፋብሪካ ነው። ፒያጆ ቱስካኒ ውስጥ በፖንቴዴራ ከተማ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራ ነበርና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው በቦምብ ተመታ። ሰላም ሲወርድ ኤንሪኮ ፒያጆ ሠራተኞቹን የሚያሠራ፣ ኪሱ ለሳሳ ሕዝብም የሚሆን ነገር ፈለገ። የመጀመሪያውን ሙከራ አልወደደውም፤ ሥራውን ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የእሱ ሄሊኮፕተር በጊዜው የበረራ ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ሞተር ሳይክል ግን አይወድም። ሰንሰለቱ ሱሪ ያቆሽሻል፣ ጎማው መንገድ ላይ ሲፈነዳ መከራ ነው፣ አቀማመጡም አይመችም።

ያ አለመውደዱ ለእኔ የማሽኗ ሁሉ ቁልፍ ነው። የጠላውን ነገር አንድ በአንድ አስወገደ። ሞተሩን ከኋላ ጎማው ጎን ስላስጠጋው ሰንሰለት አላስፈለገም። ማርሹን ከእግር አንስቶ ግራ እጅ ላይ አደረገው፤ ፍሪሲዮኑን ይዞ እጀታውን ማዞር ነው። የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ክንድ ብቻ ያዘው፤ ስለዚህ ጥቂት ዳዶ ፈትቶ ጎማ መለወጥ ይቻላል። ቸርኬው ራሱ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ስለሆነ ከመነዳሪ ለመቀየር ጎማውን በብረት መፈልቀቅ የለም። ቀሚስ የለበሰችም ሴት እንድትሳፈር መሐሉን ባዶ ተወው፣ ከጭቃ የሚከላከል ደረትም ሠራላት። የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1946 ነው። የመጀመሪያዋ 98 ሲሲ ሞተርና ሦስት ማርሽ ነበራት። ወገቧ ቀጭን፣ ኋላዋ ደንዳና፣ ድምፅዋም ጥዝዝ የሚል ስለሆነ ተርብ ተባለች፤ ቬስፓ ማለት ተርብ ነው።

የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ናት፤ በሻንሲዋ ላይ ቪቢቢ የሚሉ ፊደላት ተመትተዋል። 150 ሲሲ ትባላለች፤ ሲለካ 145 ነው። ማንም ሰው አሮጌ ቬስፓ ሲገዛ መጀመሪያ የሻንሲውን ቁጥር ፈልጎ ያንብብ፣ ሲያጸዳም በግራይንደር እንዳያጠፋው ይጠንቀቅ። ዓመቷንና ዘሯን የሚናገረው ዋና ምስክር እሱ ነው።

ቀጥሎ ላሜራው ነው፤ እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ፣ አሁንም ብዙ የምለው አለኝ። ሌሎች ሞተር ሳይክሎች የብረት ቱቦ አጥንት አላቸው፤ ሽፋኑ ቢዝግ አጥንቱ ይቆማል። ቬስፓ አጥንት የላትም። ላሜራው ራሱ አጥንት ነው፤ ይህም የአውሮፕላን ሠሪ አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ እግር የሚያርፍበት ወለል ሲበሰብስ የተበላሸው መልክ ብቻ አይደለም፣ ማሽኗ ትጎብጣለች። የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ ሊያዩዋት ሲመጡ ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አውጥተው ወለሉ ላይ አንሸራተቱ። አንድ ቦታ ላይ ማግኔቱ መያዝ ተወ።

«ስቱኮ ነው ልጄ። ከሥሩ ብረት የለም።»

«ምን ይሻላል ጋሼ?»

«መቁረጥ። ግን ሳትቆርጥ እሰራት።»

ማሰር ያሉት ደረቱንና ኋላዋን በብረት ዘንግ ለጊዜው በብየዳ ማያያዝ ነው። ወለሉ ተቆርጦ ሲወጣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር እምብዛም ነው፤ ያልታሰረች ቬስፓ በብየዳው ሙቀት ትጣመማለች፣ ከዚያ በኋላ እጅ ለቅቆ መንዳት ቀርቶ ቀጥ ብሎ መሄድም ያስቸግራል። ቀድሞ የጠገናት ሰው ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ሲቀባበት ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ላዩዋ ያበራ ነበር፣ ወለሉ ግን የሰው ክብደት መሸከም አቅቶት ነበር። በቀለም የተሸፈነ ዝገት ያናድደኛል። አሽከርካሪው በሕይወቱ የሚያምነው ነገር ነውና።

ሞተሩ ከላሜራው ይልቅ ትሑት ነው። ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ባልቦላ የለውም፤ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ በዚህች ሞዴል ለመቶ እጅ ቤንዚን ሁለት እጅ ዘይት። የፈታሁትን ብሎን በሙሉ በቅደም ተከተል በእንቁላል ትሪ ላይ ደረደርኩ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አነሳሁ። የፍሪሲዮኑ ዳዶ ጥርስ ያለው ስለሆነ የራሱን ቁልፍ ይፈልጋል፤ በመዶሻና በካቻቢቴ የሚመቱት ብዙ ናቸው፣ ዳዶውም ያንን ጠባሳ ይዞ ይኖራል።

ሞተሩ ከተከፈተ ሳይለወጥ መመለስ የሌለበት ዕቃ ዘይትና አየር የሚገታው የጎማ ቀለበት ነው። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲደርቅ ሞተሩ የማርሹን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፣ ጭሱ ሰፈር ይሞላል። በሌላው ጎን ያለው ሲደርቅ ደግሞ አየር ይገባል፤ ነዳጁ ይቀጥናል፣ ሞተሩ ያለ ጋዝ ራሱ ይጮሃል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ይነክሳል። ማርሽ ሲዘል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በማርሾቹ መሐል የምትንሸራተት ባለ አራት ክንድ የመስቀል ቅርጽ ብረት ናት፤ ጠርዟ ሲሸራረፍ ማርሹን ይዛ መቆየት አትችልም። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስሞረድኩ። ስፋቱም የፒስተኑ ጉዞም 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲበላ በጥቂቱ ይሰፋና ልኩ የሆነ ፒስተን ከነፋሻው ይገባለታል።

ማስዋብን በተመለከተ አቋም አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች በመስታወትና በፓውዛ አጥለቅልቀዋት ነበር፤ ያ ሁሉ ጌጥ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ቀን ሲያልፍ ወርዶ ላሜራው እንዳለ ይቀራል። እኔ የምቃወመው ፓራፋንጎ የሚቆርጡትን፣ ደረቷን የሚያጠቡትን ነው። ስድስት ቮልቱን ግን ወደ 12 ቀይሬዋለሁ፣ ፑንቲናውንም በኤሌክትሮኒክ ተክቻለሁ። የድሮው መብራት በጨለማ ጎዳና ላይ ከፊት ያለውን እግረኛ አያሳይም፤ በዚህ ላይ ለታሪክ ስል አልደራደርም። የድሮውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ቀለሟን ያገኘሁት ማንም ካልቀባው ቦታ፣ ከጎን ሽፋኑ ውስጥ ነው፤ ፈዛዛ ሰማያዊ።

ከመነዳሪውን የገዛሁት የባጃጅ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ የሁለቱም ጎማ ባለ ስምንት ኢንች ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ከቬስፓ ባለ ሦስት እግር ማጓጓዣ አወጣ፤ ስሟን አፔ አላት፣ ንብ ማለት ነው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም ማምረት የጀመረው ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ እነዚህን በመሥራት ነው። በየመንገዳችን የሚርመሰመሰው ባጃጅ የተርቧ የቅርብ ዘመድ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ካርቡሬተር ነው። ፋብሪካው ነዳጁን የለካው ለፖንቴዴራ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል እምብዛም አትርቅም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በፋብሪካው ልክ ገጥሜ ስነዳት ዳገት ላይ ታነቀችብኝ፤ ካንዴላውን ስፈታው አፍንጫው እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ቤንዚኑን የምትለካውን የናስ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር አሳነስኩ፣ እንጦጦ ደርሼ ተመለስኩ፣ እንደገና ፈታሁት። አሁንም ጠቆር ይላል። አንድ ቁጥር ደግሜ ቀነስኩ። በሦስተኛው ቀን ካንዴላው የተቆላ ቡና መልክ ይዞ ወጣ፤ አላጸዳሁትም፣ እንዳለ መልሼ አሰርኩት።