በቪድዮ ስብሰባ ላይ ድምፅ አልሰማ ሲል ምን ማድረግ ይገባል?

የሰው ልጅ ሐሳቡን ለባልንጀራው ከሚገልጽባቸው መንገዶች ሁሉ የቀደመው ንግግር ነው። በጥንት ዘመን የሰው ድምፅ ሊደርስ የሚችለው ከአንዱ ተራራ ወደ ማዶው ተራራ ተጣርቶ እስከሚሰማበት ድረስ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ካለው ዘመዱ ጋራ ፊት ለፊት እየተያየ ይነጋገራል። ይልቁንም በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ስልክና ኢንተርኔት ባለበት ቤት ሁሉ ትምህርቱም፣ ስብሰባውም፣ ዘመድ ጥየቃውም በቪድዮ ሆነ። ዙም፣ ጎግል ሚትና ማይክሮሶፍት ቲምስ የሚባሉትም ስሞች በየቤቱ የታወቁ ሆኑ።

ይሁን እንጂ ስብሰባው ሲጀመር ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር የሚያሳዝን ነው። የተናጋሪው መልክ ይታያል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን የለም። አንዱ «ይሰማል?» ይላል፤ ሌላው «ኧረ አይሰማም» ይላል። ዙም በነፃ የሚፈቅደው ስብሰባ 40 ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ ሩብ ያህሉ በዚህ ያልቃል። ከጊዜው ይልቅ የሚጎዳው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ድምፁ ያልደረሰ ሰው የሚናገረው ነገር እንደሌለው ሆኖ መቆጠሩ ነው። ተማሪው መልሱን እያወቀ እንዳላወቀ፣ ሥራ ፈላጊውም ዕውቀት እያለው እንደሌለው ይታይበታል።

ለዚህ በዓይኔ ያየሁትን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን አንዲት እናት ዐረፉ። በዓረብ አገር ተቀጥራ የምትሠራው ልጃቸው ለመምጣት ስላልቻለች በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት ለቀስተኞች ጋራ በቪድዮ እንድትገናኝ ተደረገ። ፊቷ በስልኩ መስተዋት ላይ ይታያል፤ እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም። እርስዋ የለቀስተኛውን ድምፅ ታዳምጥ ስለ ነበር የራስዋም የሚደርስ መስሏታል። ከአሮጊቶቹ አንዲቱ፣ «ምነው ልጄ፣ ለእናትሽ አንድ ቃል እንኳ የለሽም?» ሲሉ ሰማሁ። እኔም ወዲያው በስልኩ ላይ «ድምፅሽ አልደረሰንም፤ ኢርፎኑን ንቀዪው» ብዬ ጻፍሁላት። በነቀለችው ጊዜ ለቅሶዋ ድንኳኑን ሞላው። ልጅቱ ቃል አላጣችም፤ የተበላሸው የኢርፎኗ ማይክሮፎን ነበር።

በቤታችንም በጎረቤትም ስልክ እንዳይ የምጠራው ብዙ ጊዜ እኔ ስለ ሆንሁ፣ በልምድ ያገኘሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

የድምፅ መንገድ

ብልሽትን ለመፈለግ በመጀመሪያ የድምፅን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ ማለት የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ይህ መንቀጥቀጥ በማይክሮፎኑ ውስጥ ያለውን እጅግ ስስ የሆነ ገለፈት ሲመታው ገለፈቱ ይርገበገባል፤ ርግብግብታውም ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ኤሌክትሪኩ በስልኩ ውስጥ ወደ ቁጥር ተለውጦ በኢንተርኔት ይጓዛል። በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም ወደ አየር መንቀጥቀጥ ተመልሶ ከሰሚው ጆሮ ይገባል።

በቀድሞ ዘመን በስልክ እጀታ ውስጥ የነበረው ማይክሮፎን የከሰል ፍርፋሪ የሞላበት ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ግን በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊው ጄምስ ዌስትና ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሴስለር ኤሌክትሬት የተባለውን ማይክሮፎን ፈለሰፉ። ማይክሮፎን አነስተኛና ርካሽ ሆኖ በብዙ ዕቃ ውስጥ የገባው በዚህ ሥራ ነው። ዛሬ በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው ከሲሊኮን የተሠራ ሆኖ ከምስር ፍሬ አይበልጥም።

እንግዲህ ድምፃችን ከአፋችን ወጥቶ ከሰሚው እስኪደርስ ድረስ እንደ መንገደኛ በብዙ በር ያልፋል። ከበሮቹ አንዱ እንኳ ቢዘጋ አይደርስም። ብዙ ሰው ድምፁ አልሰማ ሲል ያገኘውን ሁሉ ይነካካል፤ የተከፈተውንም በር ሳያውቀው ይዘጋዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ይህ ነው። የሚበጀው ግን በሮቹን በየተራ መጠየቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱን ለሁለት የሚከፍል አንድ ፈተና አለ። ከስብሰባው ወጥቶ በስልኩ ድምፅ መቅጃ ጥቂት ቃል መቅዳትና መልሶ ማዳመጥ ነው። የተቀዳው ድምፅ ጥሩ ከሆነ ማይክሮፎኑ ጤነኛ ነው፤ ብልሽቱም ያለው በፈቃዱ ወይም በስብሰባው መተግበሪያ በኩል ነው። ቅጂውም ዝም ያለ እንደ ሆነ ብልሽቱ በዕቃው ወይም በስልኩ በራሱ ላይ ነው። በዚህች የአንድ ደቂቃ ፈተና የልፋታችን ግማሽ ይቀርልናል።

ቅጂው ጥሩ ሲሆን

1ኛ/ የስብሰባውን ማይክሮፎን ምልክት መመልከት ነው። በምልክቱ ላይ ቀይ ሰረዝ ካለ ድምፁ ተዘግቷል፤ ሰዎች ሚዩት ሆኗል የሚሉት ይህን ነው። አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ነገር ግን የስብሰባው መሪ የሁሉንም ድምፅ የዘጋ እንደ ሆነ እርሱ ካልፈቀደ ሊከፈት ስለማይችል፣ እጅ የማንሣት ምልክቱን ተጠቅሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

2ኛ/ በዙም ላይ ከማይክሮፎን ምልክት ፈንታ የጆሮ ማዳመጫ ሥዕል ከታየ፣ ሰውየው ወደ ስብሰባው ገባ እንጂ ድምፁ ገና አልገባም። ሥዕሉን ነክቶ በስልክ ከሆነ «ዋይፋይ ኦር ሴሉላር ዳታ» የሚለውን መምረጥ ይገባዋል። ብዙ ወላጆች የሚቸገሩበት ይህ ነው፤ መተግበሪያው ሲጠይቃቸው ሳያነቡ ይዘጉታልና።

3ኛ/ ፈቃድ ነው። ማንኛውም መተግበሪያ ማይክሮፎን ለመጠቀም ባለቤቱን ማስፈቀድ አለበት። መጀመሪያ በከፈትንበት ቀን «አይሆንም» ብለን እንደ ሆነ ክልከላው ጸንቶ ይኖራል። በአንድሮይድ ስልክ ወደ ሴቲንግ ገብቶ ከመተግበሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ዙምን ወይም ሌላውን መርጦ የማይክሮፎኑን ፈቃድ መስጠት ነው። በአይፎንና በዊንዶውስ 11 ደግሞ በሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ከሚለው ሥር «ማይክሮፎን» የሚል ይገኛል። ስብሰባው በክሮም ከሆነ ከአድራሻው መስመር በስተግራ ያለውን ምልክት ነክቶ ማይክሮፎኑን መፍቀድ ይቻላል።

4ኛ/ ማይክሮፎኑን ሌላ ይዞት እንደ ሆነ ማየት ነው። በስብሰባ መካከል ስልክ ተደውሎ ከተነሣ፣ ወይም የቴሌግራም ጥሪ ካልተዘጋ፣ ስብሰባው ድምፅ ያጣል። ሌላውን ዘግቶ ከስብሰባው ወጥቶ መመለስ ይበቃል።

ቅጂው ዝም ሲል

1ኛ/ ኢርፎኑን መንቀል፣ ብሉቱዙንም ማጥፋት ነው። ስልኩ ኢርፎን ሲሰካበት የራሱን ማይክሮፎን ትቶ የኢርፎኑን ይይዛል። የኢርፎኑ ሽቦዎች ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ናቸው፤ ድምፅ ወደ ጆሮ የሚያመጣው ደኅና ሆኖ ሳለ ድምፅ ከአፍ የሚወስደው ሊበጠስ ይችላል። በሐዘኑ ድንኳን ያየነውም ይህንኑ ነው። ብሉቱዝም ከሆነ ማዳመጫው በቦርሳ ውስጥ ወይም በሌላ ክፍል እያለ ስልኩ ከርሱ ድምፅ ይጠብቅ ይሆናል።

ኢርፎን ስንገዛ ደግሞ በመሰኪያው ብረት ላይ ያሉትን ቀለበቶች እንቁጠር። ሦስት ከሆኑ ለማይክሮፎን የሚሆን መስመር አለው፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን ማዳመጫ ብቻ ስለ ሆነ ወደ ሽቦው መናገር ከንቱ ነው። በቆዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ሲኖሩ አረንጓዴው የማዳመጫ፣ ሮዙ የማይክሮፎን ነው።

2ኛ/ ቀዳዳውን መመልከት ነው። በብዙ ስልኮች ዋናው ማይክሮፎን የሚገኘው ከታች፣ ከቻርጀሩ መሰኪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ነው። አቧራ ይደፍናታል፤ የስልኩ ሽፋን ወይም የያዝንበት ጣት ይከድናታል። ሽፋኑን አውልቆ በለስላሳና ደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይገባል። በመርፌ መውጋት ግን ገለፈቱን ይበሳዋልና ከቶ አይገባም።

3ኛ/ አጠቃላይ መዝጊያ መኖሩን ማየት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ከወጣው አንድሮይድ 12 ወዲህ፣ ከስልኩ አናት ወደ ታች በሚሳበው መጋረጃ ላይ የሁሉንም መተግበሪያ ማይክሮፎን በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ምልክት ሊኖር ይችላል። ልጆች ሲጫወቱ ነክተውት ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ላፕቶፖችም ከቁልፎቹ መካከል የተሰረዘ ማይክሮፎን የተሣለበት አለ።

4ኛ/ በኮምፒዩተር ትክክለኛው ማይክሮፎን መመረጡን ማረጋገጥ ነው። በዊንዶውስ «ሲስተም» ከዚያም «ሳውንድ» ብለን «ኢንፑት» በሚለው ሥር ስንመለከት፣ ስንናገር የሚንቀሳቀስ መስመር አለ። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ሌላውን ማይክሮፎን መምረጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ መሣሪያውን አጥፍቶ ማስነሣት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው የጠጋኙ ሥራ ነው።

ከማይክሮፎን ጋራ ስለሚምታቱ ሕመሞች

ድምፅ ጨርሶ አለመሰማትና እየተቆራረጠ መሰማት አንድ አይደሉም። የሚቆራረጥ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የኔትዎርክ ድካም ነው፤ ቪድዮ ከድምፅ ይልቅ ብዙ ዳታ ስለሚወስድ ካሜራውን መዝጋት ይረዳል። ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ የሚደጋገም ከሆነም ምናልባት በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ስልኮች ስብሰባው ውስጥ ገብተዋል፤ የአንዱን ድምፅ መዝጋት ያስፈልጋል።

የአድማጩ ድርሻ

እስካሁን የጻፍሁት ለተናጋሪው ነው። ነገር ግን ድምፁ ያልደረሰ ሰው አለመድረሱን በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ እርሱ እየተናገረ ነውና። ይህን ሊያውቅ የሚችለው አድማጩ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይተን ድምፅ ያጣን እንደ ሆነ መሳቅ ወይም ወደ ሌላው ተናጋሪ ማለፍ አይገባንም። በጽሑፍ መልእክት «ድምፅህ አልደረሰንም» ብሎ በግልጽ መንገር፣ የምናውቀውንም መፍትሔ በአጭሩ መጻፍ ይገባል። ይልቁንም ለአያቶቻችንና ለታላላቆቻችን ምልክቱ የት እንዳለ በትዕግሥት ማሳየት የእኛ የወጣቶቹ ግዴታ ነው። እነርሱ ፊደል ያስቆጠሩን እየተቆጡ ብቻ አልነበረም።

ተናጋሪም ቢሆን ስብሰባው ከመጀመሩ 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ መሞከር አለበት። ዙም ድምፅን ቀድቶ መልሶ የሚያሰማ መፈተኛ በኮምፒዩተር ላይ አለው። በዚህ ዓመት ከእኛ መካከል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡም፣ ሥራ የሚፈልጉም፣ ስለ ነፃ ትምህርት ዕድል በቪድዮ የሚጠየቁም ይኖራሉ። በዚያች ጊዜ ለዓመታት የተማርነው ሁሉ ምስር በምታህል ዕቃ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ የምንናገረውን እንደምናጠና ሁሉ የምንናገርበትንም መሣሪያ እናጥና። ዝም ያለ ሰው ባየን ጊዜም የሚለው የለውም ከማለታችን በፊት ድምፁ ደርሶን እንደ ሆነ አስቀድመን እንጠይቅ።