ጠጁ መፍላት ሲያቆም

ጠጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሉ ሰዎች በሳምንቱ «አረፋው ጠፋ፤ ልድፋው?» ብለው ይጠይቁኛል። እባካችሁ አትድፉት!

መጀመሪያ በእርግጥ መቆሙን አረጋግጡ። ክዳኑ የሚያስተነፍስ ከሆነ ጋዙ በዚያ ስለሚወጣ እየፈላም የቆመ ይመስላል። ሃይድሮሜትር ያላችሁ በ3 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ቁጥሩ ከወረደ ሥራ ላይ ነው። የሌላችሁ ቅመሱት። ከቀን ወደ ቀን ጣፋጭነቱ ካልቀነሰና እንደ ብርዝ ከሆነባችሁ፣ እርሾው ደክሟል።

እኔ ባየሁት ልክ ዋናው ጠንቅ ብርድ ነው፤ በተለይ በክረምት፣ ጋኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲቀመጥ። ከ15 ዲግሪ በታች እርሾ ይተኛል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ወዳለው ቦታ አዛውሩት፤ ከሥር የዘቀጠውን በንጹሕ ማማሰያ ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱና ሁለት ቀን ታገሡ።

ሌላው የማር መብዛት ነው። አንድ እጅ ማር በሁለት እጅ ውሃ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ስኳሩ እርሾውን ያፍነዋል። በዚያ ላይ ማር እንደ ገብስ ብቅል አይደለም፤ እርሾ የሚመገበው ናይትሮጅን በጣም ያንሰዋል። ሙቀቱ ካልረዳ፣ አዲስ እርሾ ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ፤ ከጠጁ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ አለማምዱትና አረፋ ሲያወጣ ወደ ጋኑ መልሱት።

ቆሟል ብላችሁ ግን በጠርሙስ እንዳታሽጉት። የተኛ እርሾ ሲሞቀው ይነቃል፤ ጠርሙሱንም ያፈነዳዋል።