የስቶርምትሩፐር ጥሩር ሰውነት ላይ ልክ እንዲሆን

እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ላይ ስቶርምትሩፐር የተባሉት ወታደሮች የለበሱት፣ ብረት የሚመስለው ነጭ ጥሩር ስስ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት ይለሰልስና አየሩ ከሥር ሲመጠጥ በቅርጹ ላይ ይለበጣል። ዛሬም አድናቂዎች የሚገጣጥሙት በዚሁ መንገድ የወጣውን ነው። ብዙ ሰው ሙጫ ላይ ይቸኩላል፤ እባካችሁ መጀመሪያ ለኩ!

1. መቁረጥ፦ በስለት አስምራችሁ እጠፉት፤ መስመሩን ተከትሎ ይሰበራል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ አለዚያ ብብትና የጉልበት ሥር ይልጣል።

2. ልክ፦ የውስጡን ጥቁር ልብስ ለብሳችሁ ክፍሎቹን በወረቀት ፕላስተር አያይዙ። ክንዳችሁን እጠፉ፣ ደረጃ ውጡ። የሚቆነጥጠውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ጥቂት በጥቂት ቀንሱ።

3. ማጣበቅ፦ የክንዱንና የእግሩን ግማሾች ሳታደራርቡ አፍ ለአፍ ግጠሙ። መገጣጠሚያውን ከውስጥም ከውጭም በፕላስቲክ ጥብጣብ ሸፍኑ፤ የፊት ለፊቱ ጥብጣብ ስፋት ለክንድ 15፣ ለእግር 20 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ኢ6000 ሙጫ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር በማግኔት ያዙትና ቢያንስ 24 ሰዓት አትንኩት። ብትሳሳቱ ፕላስቲኩን ሳይጎዳ ይላቀቃል።

4. ማንጠልጠል፦ የደረቱ ክብደት በትከሻ፣ የጭኑ በወገብ ቀበቶ ይረፍ። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ላስቲክ ተጠቀሙ፤ ስትራመዱ ይለጠጣል። የራስ ቁሩ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ ካልገባ የዐይኑ መስታወት በትንፋሽ ይደፈናል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው 501ኛው ሌጌዎን የተባለ የአድናቂዎች ማኅበር አባላት ይህን ለብሰው ሆስፒታል የተኙ ልጆችን ይጎበኛሉ። አንድን ሕፃን ጎንበስ ብሎ ለመጨበጥ የሚያስችለው በጥንቃቄ የተለካ ጥሩር ነው።