ልጆቻችንና የስልኩ መስታወት

የዛሬው ዝግጅታችን በጉርምስና ዕድሜ ላይ ስለሚገኙ ልጆቻችንና በእጃቸው ስላለው ስልክ ይሆናል።

ወላጆች ስለ ስልክ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበን «ልጄ ምን ሐራም ነገር ያይ ይሆን?» የሚለው ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላም ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል፦ ልጁ ስልኩን ዘግቶ ሲያስቀምጥ ስለ ራሱ ምን ያስባል? ምክንያቱም አንድም ሐራም ነገር ያልታየበት ስልክ እንኳ የልጅን ልብ ሊሰብር ይችላል።

እንዴት? በቲክቶክና በኢንስታግራም የሚታየው ፊት ብዙውን ጊዜ የተፈጥሮ ፊት አይደለም። ፊልተር የሚባለው ማስዋቢያ ቆዳን ያነጣል፣ አፍንጫን ያቀጥናል፣ ብጉርን ያጠፋል። የአስራ አምስት ዓመቷ ልጅ ይህን ስታይ አምሽታ ጠዋት መስታወት ፊት ስትቆም በራሷ ታፍራለች። በዚያ ላይ ፌስቡክ በ2001 ዓ.ም. የጀመረው «ላይክ» አለ። የራሷን ፎቶ ለጥፋ ላይክ ሲያንስባት የተናቀች ይመስላታል።

በእኛ በኩየራ፣ በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ አካባቢ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በቤት ሠራተኝነት የምታገለግል እህታችን በአሠሪዎቿ ሳሎን ተቀምጣ የተነሳችውን ፎቶ ትልካለች። ሌሊት የምትነሳበትን ሰዓት፣ የደከመ ወገቧንና የናፍቆት ዕንባዋን ግን ፎቶው አያሳይም። እዚህ ያለው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፎቶውን ብቻ አይቶ «እኔ ለምን ከኋላ ቀረሁ?» ይላል። የሰውን ሙሉ ሕይወት ሳይሆን የተመረጠችዋን ደቂቃ ከራሱ ሙሉ ቀን ጋር ያወዳድራል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ይፋ የወጣ የፌስቡክ ኩባንያ የውስጥ ሰነድ እንዳመለከተው፣ ከተጠየቁት ልጃገረዶች 32 በመቶ የሚሆኑት በሰውነታቸው ቅር በተሰኙ ጊዜ ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባባሰው ተናግረዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳልፉ ወጣቶች ለድብርትና ለጭንቀት ምልክቶች የመጋለጥ ዕድላቸው እጥፍ እንደሆነ ገልጸዋል። ሆኖም ለሁሉም ሐዘን ተጠያቂው ስልክ ብቻ ነው ማለት አይደለም።

ሃይማኖታችን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ በሰደቡት ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገና የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለባቸው ነግረው ገሥጸዋቸዋል። በመልኩና በትውልዱ ሰውን የሚያዋርድ አስተያየት በስልክ ስለተጻፈ ኃጢአትነቱ አይቀንስም። በሐብትና በመልክ ከእኛ የበለጠውን ብቻ ከማየት ይልቅ ከእኛ በታች ያለውንም እንድናይ መክረውናል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ትምህርቱ ከወደቀ፣ ይህም ሁኔታ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ «ሰነፈ» ወይም «ኢማኑ ደከመ» ብላችሁ አትለፉት። ጂን ነው ብላችሁም አትቸኩሉ። ሩቅያ ማድረግ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም። አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። መሞትን የሚያነሳ ልጅ ከሆነ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ታዲያ ስልኩን ነጥቀን እንስበረው? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገራችን ታግደው በነበረ ጊዜ ብዙ ወጣቶች ቪፒኤን ጭነው መጠቀማቸውን አስታውሱ። አውስትራሊያ ከታህሳስ 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንደ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ባሉ መድረኮች አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች። የእኛ የመጀመሪያው ሕግ ግን የቤታችን ሥርዓት ነው።

አንደኛ፣ ድርጅቶቹ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅዱምና እኛም አንፍቀድ። ሁለተኛ፣ ከዒሻእ ሶላት በኋላ የቤቱ ስልኮች ሁሉ፣ የአባትና የእናትም ጭምር፣ በአንድ ቦታ ቻርጅ ይደረጉ፤ ሌሊቱን በስልክ ያነጋ ልጅ ለሱብሒ ሊነሳ አይችልም። ሦስተኛ፣ «ምን ታያለህ?» ብለን ከመመርመር ይልቅ አብረን ቁጭ ብለን እንይ፤ የትኛው ፎቶ በፊልተር እንደተሠራ ልጆቹ ራሳቸው ያሳዩናል።

አራተኛውና ዋናው ከእኛው ከወላጆች የሚጀምር ነው። «የእገሌን ልጅ አታየውም?» የምንል እኛ ነን። «ጠቆርሽ፣ ከሳሽ፣ ወፈርሽ» እያልን በእንግዳ ፊት የምንናገርም እኛው ነን። ልጅ ራሱን ከሌላው ጋር ማወዳደርን ከስልክ በፊት የሚማረው ከቤቱ ነው። ላይክ ፍለጋ የሚንከራተት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከአባቱ አንዲት የምስጋና ቃል ነው። ይህችን ቃል ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ እንስጠው፤ ገንዘብም ኔትወርክም አትጠይቅም።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።